በድመቷ በኩል

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ። እኔ በሽታዬንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ ደብቄ ከአማቴ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ዓመታት ኖሬያለሁ። ተረቱን ያወጣው ሰው አማቱ ቤት አልኖረም ማለት ነው።

በሽታዬ የሚጥል በሽታ ነው። የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ወደቅሁ፤ ስነቃ የክፍሉ ልጆች ከእኔ የሚርቁበት ቦታ አጥተው የኋላው ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ነበር። በማግስቱ አብራኝ ትቀመጥ የነበረችው ልጅ ቦታ ቀየረች። ከዚያ በኋላ ትምህርት እስክጨርስ ድረስ ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ሐኪም ያዘዘልኝ ክኒን በሽታውን ጸጥ አደረገው። ማታ ማታ እስከዋጥኩት ድረስ እንደ ሰው ወጥቼ እንደ ሰው እገባለሁ። ሰው ግን ደህና የሆንሽባቸውን ዓመታት አይቆጥርልሽም፤ የሚያስታውሰው የወደቅሽበትን ቀን ነው። ስለዚህ የሆዴን በሆዴ ይዤ መኖር ለመድኩ።

ለባሌ ግን ነግሬዋለሁ። እሱ የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ከባድ መኪና ነው የሚነዳው። ሳንጋባ አንድ ቀን ጎን ለጎን እየሄድን ሁሉንም ዘረገፍኩለት። "እኔ ከጎማ ጋር የምውል ሰው ነኝ፤ ድንገት የሚፈነዳ ነገር አያስደነግጠኝም" አለኝ። ያገባሁት ለዚህች ንግግሩ ነው ብል ብዙም አልዋሸሁም። ትንሽ እንደሄድን ግን፣ "እናቴ ብቻ እንዳትሰማ" ብሎ ጨመረበት። የምንኖረው ከእናቱ ጋር ነው፤ እሱ ደግሞ የወሩን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ "እናቴ እንዳትሰማ" ማለት በገዛ ቤትሽ ብቻሽን ኑሪ ማለት ነበር። ያኔ አልገባኝም።

አማቴ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን መስመር ሲያገናኙ ኖረዋል፤ በራሳቸው ቤት ግን መስመሩ የሚያልፈው በድመቷ በኩል ነው። ቅር ሲላቸው ሰውየውን አይናገሩም፤ ድመቷን ነው የሚናገሩት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ፣ "አንቺ ድመት፣ ብርድ አይሰማሽም? በር ከፍቶ የሚሄድ ሰው አለ እኮ" ይላሉ። ቁጣውን ብቻ ሳይሆን ደግነቱንም እንዲሁ ነው የሚልኩት። "ድመቴ፣ ምሳ ያልበላ ሰው ካለ ድስቱ ውስጥ ተርፏል።" ባሌ በዚህ ቋንቋ ስላደገ ምንም አይገርመውም። እኔም እያደር ለመድኩት። "ድመቷ፣ በሩን ያልዘጋሁት እጄ ሙሉ ስለነበር ነው በያቸው" እላለሁ። ድመቷ ሁለታችንንም እኩል ንቃን እግሯን ትልሳለች።

የምሠራው መጋረጃ የሚሰፋበት ቤት ነው። ሰፊ ጠረጴዛ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደረ የጨርቅ ጥቅል፣ የካውያ እንፋሎት፣ የማያልቅ ወሬ። ሌሎቹ ሴቶች የሚሰፉት በባለ ሞተር መኪና ነው። እኔ ግን ጥጉ ላይ ካለችው፣ በእግር ከምትረገጠው አሮጌ መኪና ውጭ አልሰፋም ብዬ ድርቅ አልኩ። ምክንያቱን ለማንም አልነገርኩም። ባለ ሞተሩ እጅሽ መርፌው ሥር ቢገባም መሮጡን አይተውም፤ ይህቺ ግን እግሬ ከቆመ ትቆማለች። ስለዚህ ስሜ ፔዳል ሆኖ ቀረ። ወሬ ስለማያልቅባት ራዲዮ የምንላት ሴት፣ "ፔዳል፣ ሰው ጨረቃ ላይ ወጣ እኮ፤ አንቺ ገና እየረገጥሽ ነው" ትለኛለች። "እኔ ጨረቃም ብሄድ በእግሬ ነው" እላታለሁ። ይስቃሉ፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ቀኑ ይመሻል።

ክኒኖቹን የማስቀምጠው ትርፍራፊ የልብስ ቁልፎች በማጠራቅምበት ቆርቆሮ ውስጥ፣ አልጋዬ ሥር ነበር። ከተጋባን በኋላ ዓመት በዓመት ሲተካና ቤቱ የልጅ ድምፅ ሳይሰማ ሲቀር፣ አማቴ ከድመቷ ጋር የሚያደርጉት ወሬ መረር አለ። ድመቷ ደግሞ ይሉኝታ የላትም፤ በየዓመቱ ትወልዳለች። አንድ ቀን ካርቶን ውስጥ የተኙትን አዳዲስ ልጆቿን እያየን ሳለ፣ "አንቺማ ምን አለብሽ" አሏት። "ክኒን አትውጪ።"

ክው አልኩ። ቆርቆሮውን አግኝተውታል። ያገኙትን ግን የወሊድ መከላከያ ነው ብለው ወስደውታል። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳስበው፣ ይህ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ታየኝ። ልጅ የማትፈልግ ክፉ ምራት መባልን እችለዋለሁ፤ የምትወድቅ ምራት መባልን ግን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ አላስተባበልኩም። ሳልዋሽ ውሸት ተገኘልኝና ዝም ብዬ ተቀበልኩት።

እውነቱ ግን ልጅ እፈልግ ነበር። የምትከታተለኝ የነርቭ ሐኪም ገና ሳገባ አስጠንቅቃኛለች። ልጅ ስታስቢ ቀድመሽ ንገሪኝ፣ ይህ መድኃኒት ለፅንስ ጥሩ አይደለም፣ አስቀድመን ወደ ሌላ እንቀይርሻለን ብላኛለች። መቀየር ማለት ግን አዲሱ መድኃኒት እስኪስማማኝ ድረስ እንደገና የምወድቅበት ጊዜ ሊኖር ይችላል ማለት ነው፤ ባሌ በሌለበት፣ አማቴ በሚያዩበት። ስለዚህ ሲመቸኝ፣ ሲመቸኝ እያልኩ አቆየሁት። ከዚያ የባሌ መኪና ሞተሩ ተቃጥሎ ጋራዥ ገባና እሱ ከወትሮው በላይ እቤት ሰነበተ። ጥንቃቄያችንም ላላ። እንግዲህ ልጄ የሞተር ብልሽት ልጅ ናት።

ማርገዜን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ አዲስ የጨርቅ ጥቅል ሲፈታ የሚወጣው ሽታ ያጥወለውለኝ ጀመር። ራዲዮ አንድ ጊዜ አየት አድርጋኝ፣ "ፔዳል፣ ሁለት ሆነሽ ነው እንዴ የምትረግጪው?" አለችኝ። ሳቅሁላትና በዚያው ቀን ፈቃድ ጠይቄ ተመረመርኩ። ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪሟ ሄድኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አትቆጣም። ያን ዕለት ግን ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

"መድኃኒቱን እንዳታቆሚ" አለችኝ፣ ወንበሩ ላይ ገና ሳልደላደል። "ብዙዎች ደንግጠው ያቆሙታል። ድንገት ካቆምሽው ሊጥልሽ ይችላል፤ አወዳደቁ ከከፋ ለአንቺም ለፅንሱም አደጋ ነው። መጠኑን እኔ እያየሁ ቀስ ብለን እናወርደዋለን። ፎሊክ አሲድም እጨምርልሻለሁ።"

"ልጁስ?" አልኳት።

"አብዛኞቹ ደህና ሆነው ይወለዳሉ። አንዳንዶቹ ግን የጀርባ አጥንታቸው ሳይዘጋ፣ ወይም ልባቸው ወይም ከንፈራቸው ላይ ጉዳት ኖሮ ይወለዳሉ። ይህን መድኃኒት ከሚወስዱ እናቶች በሚወለዱት ላይ ይበዛል። የአንቺ እንደዚያ ይሆናል ማለቴ ግን አይደለም።"

"አሁን መጠኑ ከወረደ ይተርፋል?"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እነዚህ ነገሮች ተሠርተው የሚያልቁት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው" አለችኝ ዝግ ብላ። "ብዙ ጊዜ ሴትየዋ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ።"

የሆነው ሆኗል ማለት ነው፤ ወይም አልሆነም። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቆርጦ አልቋል፣ ለእኔ ብቻ ነው ያልተነገረኝ። ጀርባው በአልትራሳውንድ በደንብ የሚታየው ሆዴ ገፋ ሲል ነው፤ እስከዚያ መጠበቅ ነው ያለብኝ። ከሐኪሟ ክፍል ስወጣ ኮሪደሩ በነፍሰ ጡሮችና በባሎቻቸው ተሞልቶ ነበር። አንዱ የሚስቱን ጫማ ጎንበስ ብሎ ያስርላታል። ዓይኔን መልሼ ወጣሁ።

ለባሌ የደወልኩለት የሕክምና ቤቱን አጥር ተደግፌ ነው። "አርግዣለሁ" ስለው ስልኩ ውስጥ የመኪናው ጥሩንባ ደጋግሞ ሲጮህ ሰማሁ፤ መንገዱ ላይ ላለው ሁሉ እየነገረልኝ ነበር። ያቺን ደቂቃ ማንም አይወስድብኝም። ከዚያ የቀረውን ነገርኩት። ጥሩንባው ቆመ። ሞተሩ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

"ታዲያ መድኃኒቱን ተይዋ" አለኝ።

"ሐኪሟ አታቁሚ ብላኛለች።"

"ልጁ የሐኪሟ አይደለም።"

"ብወድቅስ?"

"ተጠንቀቂ" አለኝ። በጥንቃቄ የሚወደቅ ይመስል። መልስ ልሰጠው ስል መስመሩ ተቋረጠ። ኔትወርክ ይሁን እሱ እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ክኒኗን መዳፌ ላይ አስቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ብውጣት በገዛ እጄ ልጄን የምመርዝ ይመስለኛል። ባልውጣት ደረጃ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ መንገድ መሃል ሆዴን ይዤ ስወድቅ ይታየኛል። ዋጥኳት፤ ሁልጊዜም ዋጥኳት። ከዋጥኩ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ ይለኝ ነበር። የሚያማክሩት ሰው ማጣት ከሁሉ ይከፋል። ባሌ "ተይው" ብሎ ጨርሷል፤ ለራዲዮ ብነግር እስከ ምሳ ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፤ እናቴ ካረፈች ቆይታለች። ሆዴን እየዳበስኩ፣ "ጀርባህ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም?" እለዋለሁ። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሰው ልጁን ጠይቆ ያውቃል?

ለአማቴ የነገርኳቸው ሆዴ ሊያሳብቅብኝ ሲል ነው። ሰሃን እያጠቡ ነበር። ሰሃኑን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ድመቷን አልፈው እኔን አዩ። "ስንት ወርሽ ነው?" አሉኝ። አንቺ ብለው ከተናገሩኝ ስንት ጊዜ እንደሆነ ትዝ አላለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ከሥራ ስገባ እግሬ ሥር ኩርሲ ያስገባሉ። ባልዲ እንዳነሳ አይፈቅዱም። "ነይ እስቲ እዚህ ተቀመጪ" ብለው ስለ ሥራ ዘመናቸው ያወሩኛል፤ መስመር ላይ ሲጣሉ ስለሰሟቸው ባልና ሚስቶች፣ ስለ አንድ ሁልጊዜ የተሳሳተ ቁጥር ስለሚጠይቅ ሽማግሌ። ያ ሰውዬ የሚደውልለት ሰው የሌለው፣ የእሳቸውን ድምፅ ለመስማት ብቻ የሚደውል መሆኑን ያወቁት ዘግይተው ነው። ድምፃቸው ከቅርብ ሲሰማ ደስ ይላል። ስወድቅ የሚርቁኝ ሰዎች ሁልጊዜ ነበሩኝ፤ አሁን ግን የማጣው ሰው አገኘሁ። ይህ ደግሞ ፍርሃቴን አባሰው።

አንድ ምሽት ክኒኑን አፌ ውስጥ አድርጌ ውኃ ሳነሳ አማቴ ትኩስ ወተት ይዘው በሩን ከፈቱት። ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ነው። አዩኝ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ወተቱን ወለሉ ላይ አስቀምጠው በሩን ዘጉት። ትንሽ ቆይቶ ከሳሎን ድምፃቸው መጣ።

"አንቺ ድመት፣ እስቲ ንገሪኝ፤ ያረገዘች ሴት ክኒን ትውጣለች?"

ድመቷ አልመለሰችላቸውም። እኔም አልመለስኩም።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቆርቆሮው አልጋዬ ሥር የለም። ፍራሹን አነሳሁ፣ ሣጥኑን ገለበጥኩ። ማን እንደወሰደው ግልጽ ነው። ሳሎን ሄጄ "ክኒኔን ይስጡኝ" ብል "የምን ክኒን?" ይሉኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድም ቃል መናገር አልችልም፤ ለባሌ ቃል ገብቻለሁ። ይህ የእኛ ቤት ነው እንግዲህ፤ አንዷ ወስዳ ዝም፣ ሌላዋ ተወስዶባት ዝም። ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። እኔ አልጮህኩም።

ግን ፍርሃት ብቻም አልነበረም፤ ልናገረው። ባዶውን ቦታ ሳይ ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር ወረደልኝ። እኔ አላቆምኩትም፤ ጠፋ። ልጄም ዛሬ ማታ ምንም አይመጣበትም። ሕክምና ቤቱ ክፍት ነው፣ ልሂድ ብል የሚይዘኝ የለም። ነገ እሄዳለሁ አልኩ። ነገም ደህና ሆኜ ዋልኩ፤ ለካ ይቻላል ብዬ ለነገ አሳደርኩት። ቤት ውስጥ ግን አማቴ ኩርሲውን ከእግሬ ሥር ማስገባት ትተዋል። ወተቱን አሁንም ያፈሉልኛል፤ "ድመቷ፣ ሳይቀዘቅዝ" ብለው በሩ አጠገብ ያስቀምጡታል።

የወደቅሁት በዕረፍት ቀኔ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። የታጠበው አንሶላ ደርቆ ነበር። አንሶላ ለማጠፍ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ድመት አይሆንም። ስለዚህ አማቴ አንዱን ጫፍ ያዙ፣ እኔ ሌላውን፤ ፊት ለፊት ቆመን ሳንተያይ ወጠርነው። ጫፌን ይዤ ወደ እሳቸው ልራመድ ስል ከመውደቄ በፊት የሚመጣው፣ የማውቀው ሽታ መጣ፤ ምንም ሳይቃጠል የሚሸተኝ የተቃጠለ ጨርቅ። "እማማ" ለማለት አፌን ከፈትኩ።

ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ። ጭንቅላቴ አማቴ ጭን ላይ ነው። ምላሴ ደም ደም ይለኛል። ቀሚሴ ረጥቧል፤ አንሶላውን አልብሰውኛል። አልሸሹም። መዳፋቸው ሆዴ ላይ ነው፤ "ልጄ፣ ልጄ" ይላሉ፣ ለማንኛችን እንደሆነ እንጃ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉኝ፣ ዓይኔ ሲጠራ።

"በሽታዬ ነው፣ እማማ። ከልጅነቴ ጀምሮ። ክኒኑ ለእሱ ነው።"

"ለእሱ ነው" አሉ። "ታዲያ እኔ የወሰድኩት..."

"አዎ።"

በቀስታ ጭንቅላቴን ትራስ ላይ አድርገው ተነሡ። ከክፍላቸው ቆርቆሮውን ይዘው ተመለሱና አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። መጀመሪያ የሚናገሩ አልመሰለኝም ነበር፤ በጣም ዝግ ብለው ነው የጀመሩት።

"ከባልሽ በፊት ወልጄ ነበር" አሉኝ። "ሥራ ላይ እያለሁ ማቅለሽለሹ ፋታ ነሣኝ። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ፣ ከፊቴ የሚጠባበቅ ሰው መስመር ሙሉ፤ ተነሥቼ መውጣት አልችልም። አለቃችን ክኒን ሰጠችኝ። ሁሉም ይወስደዋል፣ ምንም አያደርግም አለችኝ። ወሰድኩት። ስወልድ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጠቅልለው ይዘዋት ወጡ። እጆቿ ልክ አይደሉም ሲባባሉ ሰማሁ። አሳዩኝ ብል፣ ባታይ ይሻልሻል አሉኝ። በማግስቱ አረፈች አሉኝ።"

ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ ያገላብጡት ነበር፤ ውስጡ ቁልፎቹ ይንሿሿሉ።

"ስታለቅስ ግን ሰምቻታለሁ። በድምጿ ብቻ ነው የማውቃት። እኔ ደግሞ ድምፅ አልረሳም።"

"ከክኒኑ ነበር?" አልኳቸው።

"አንድም ሰው አልነገረኝም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። ባለቤቴ ሁለተኛ እንዳይነሣ አለ፣ አልተነሣም። ልጄም አያውቅም።"

"ለማን ተናገሩት ታዲያ?"

"ለማን እናገራለሁ?" አሉ። "ያኔም ድመት ነበረን።"

ሁለታችንም ወለሉ ላይ እንዳለን አለቀስን። ከዚያ ልብሴን ቀይረውልኝ፣ ክንዴን ይዘው ወደ ሕክምና ቤት ወሰዱኝ። ለሐኪሟ ከእኔ ቀድመው፣ "መድኃኒቷን የወሰድኩባት እኔ ነኝ" አሏት። ሐኪሟ አልተቆጣቻቸውም፤ መሣሪያውን ሆዴ ላይ አድርጋ የልቡን ምት አሰማችን። አማቴ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እንደ ድሮ ሥራቸው። መድኃኒቱን ከዚያው ምሽት ጀመርኩ። እሳቸው ግን ሲዋጥ ማየት አልቻሉም። ሰዓቱ ሲደርስ ድመቷን ታቅፈው ወደ ጓሮ ይወጣሉ፤ ስጨርስ "ሆነ?" ብለው በበሩ ይጠይቃሉ። "ሆነ" እላቸዋለሁ።

የአልትራሳውንዱ ቀን አብረውኝ መጡ። መሣሪያውን የያዘው ሌላ ሐኪም ስክሪኑ ላይ ረጅም ጊዜ አፈጠጠ። በመጨረሻ፣ "ጀርባው እስከ ታች ተዘግቷል፤ ልቡም ደህና ነው" አለ። "ፊቱን ግን በእጁ ጋርዶታል፤ ዛሬ አያሳየንም።" አፋር ነው ብለን ሳቅን። ለባሌ ስደውል፣ "እኔ ብዬሽ ነበር" አለኝ። ምን እንዳለኝ ግን አልነገረኝም። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ወራት በሰላም ተኛሁ።

ሴት ልጅ ወለድኩ። ስትወጣ አለቀሰች፤ ጠንካራ ድምፅ ነበራት። ክፍሉ ግን ጸጥ አለ። እኔ ያንን ጸጥታ በወሬ አውቀዋለሁና ከትራሴ ቀና አልኩ። "ስጡኝ" አልኩ። አዋላጇ፣ "ትንሽ ነገር አለባት፣ አትደንግጪ" አለችኝ። ላይኛው ከንፈሯ እስከ አፍንጫዋ ተሰንጥቋል። ጥቂት ወራት ሲሞላት በቀዶ ሕክምና እንደሚሰፋ፣ እስከዚያ ጡት መሳብ ስለሚያቅታት በልዩ ጡጦ እንደምትመገብ አስረዱኝ። አንገቴን እየነቀነቅሁ ሰማሁ። ውስጤ ግን መዳፌ ላይ ያየኋቸውን ክኒኖች ሁሉ አንድ በአንድ እንደገና ይውጥ ነበር። ነርሷ ሕፃኗን ጠቅልላ አጠገቤ ስታስተኛት፣ የጨርቁን ጫፍ አፏ ላይ አጠፈችው። ጠያቂ ሲመጣ ይሻላል አለችኝ። ለማን እንደሚሻል አልጠየቅኋትም፤ አቅም አልነበረኝም።

ባሌ የመንገድ አቧራ እንደለበሰ ገባ፤ እናቱ ከኋላው ነበሩ። ስለ ከንፈሯ በስልክ ነግሬዋለሁ። ግንባሬን ሳመኝ፣ የተጠቀለለውን ነገር ከላይ ከላይ አየት አደረገና መስኮቱን ማየት ጀመረ። ያ ድንገት የሚፈነዳ ነገር የማያስደነግጠው ሰው።

"የተወለደው መስኮቱ አይደለም" አሉት አማቴ። "ወደዚህ ዙር።"

ዞረ። አማቴ ሕፃኗን አነሡና አፏ ላይ የታጠፈውን ጨርቅ ገለጡት። ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ግንባሯን፣ ከንፈሯን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ። ከዚያ ወደ እሱ አዞሯት።

"እያት። ከአንተ በፊት የወለድኳትን ማንም አላሳየኝም።"

"የምን ከእኔ በፊት?"

"እህት ነበረችህ። እሱን ቁጭ ብለን እነግርሃለሁ። አሁን ይህቺን እይ።"

አያት። ቆየና ጣቱን ወደ ጉንጯ አስጠጋ፣ ጣቱ ጥቁር ዘይት ስለነበረበት መለሰው። የፈራሁት ጥያቄ ሲመጣ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ከእኔ ይልቅ ለእናቱ ነው ያቀረበው።

"ከመድኃኒቱ ነው?"

"ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ነው ያረጀሁት" አሉት። "መልስ የለውም። እሷን እንዳትጠይቃት። ራስህንም እንዳትጠይቅ።"

ሕፃኗን እቅፉ ውስጥ አስቀመጡለትና ወደ እኔ መጡ። ቦርሳዬን ከፈቱ። ከብልቃጡ አንዲት ክኒን በጣታቸው ለማውጣት ጊዜ ፈጀባቸው። ውኃ ቀዱልኝ።

"ሰዓቱ ደርሷል፣ ልጄ" አሉኝ። "ዋጪ።"

እስክውጥ ድረስ ቆመው አዩኝ።